እናቷን በሙዚቃ ያለቀሰች ልጅ

«የሞተ ተጎዳ» ይባላል። ሐዘንተኛው በሐዘኑ ብዛት እንዳይሰበር፣ ተነሥቶም ቤቱን፣ ልጆቹንና ሥራውን እንዲያይ የሚነገር የማጽናኛ ቃል ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ይህ ቃል የሚነገረው ሐዘንተኛው ቀናት ተቀምጦ፣ አልቅሶ፣ ከዘመድና ከወዳጅ ጋር ተላቅሶ ከቆየ በኋላ ነበር። በከተማ ኑሮ ግን፣ በተለይም ለሴት ሠራተኛ፣ ቃሉ ከለቅሶው ጋር እኩል ይደርሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ለቅሶውን ይቀድመዋል።

እናቷ የሞተችባት ሠራተኛ ምን ያህል ጊዜ አላት? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነገሩን በቁጥር አስቀምጦታል። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ የሞተበት ሠራተኛ፣ የ3 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ያገኛል። ይህን ያነሣሁት ሕጉን ለመንቀፍ አይደለም። ከእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ለልጅቱ ለራሷ ስንት ሰዓት እንደሚተርፋት አብረን እንድናስብ ነው።

ድንኳኑን የሚተክለው ዕድሩ ነው፤ አግዳሚውንና የማብሰያውን ዕቃም ዕድሩ ያመጣል። ጎረቤት እንጀራውን ይጋግራል፣ ወጡን ይሠራል። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ይሁንና ንፍሮው መድረሱን፣ ቡናው አለመቋረጡን፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ዘመድ ማደሪያ ማግኘቱን፣ አክስት ከአክስት ተቀያይማ እንዳትሄድ የሚከታተለው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ የሟች ሴት ልጅ ናት። በአንድ ዓይኗ ታለቅሳለች፤ በሌላው ወጡ አለማረሩን ታያለች። ድንኳኑ ሲነሣ ሁሉም አልቅሶ ወጥቶለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእርሷ ለቅሶ ግን ገና ተራው አልደረሰም።

ይህን ሁሉ ያልሁት ስለ አንድ ሙዚቃ ለመጻፍ ነው። አንዳንድ አንባብያን «የለቅሶ ቤት ጣጣና የባሕር ማዶ ሙዚቃ ምን አገናኛቸው?» ሳይሉኝ አይቀሩም። የሚያገናኛቸው እንዲህ ነው። ሙዚቃውን የደረሰችው ሴት በጊዜው እናቷ የሞቱባት ወጣት ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ ሙዚቃ መጻፍ ስለሆነ፣ ለቅሶዋን ከሥራዋ ሳትለይ በሥራዋ ውስጥ አለቀሰች።

ሴትዮዋ አና ክላይን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1980 በለንደን የተወለደች እንግሊዛዊት ናት። በልጅነቷ ቤታቸው የገባው ፒያኖ አንዳንድ ቁልፎቹ የጎደሉ አሮጌ ፒያኖ እንደነበረ ተናግራለች። ልጅቱ ግን በቀሩት ቁልፎች ዜማ መፈለግ ጀመረች። ወላጆች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የሙዚቃ ፍቅር የግድ ሙሉ ዕቃና ትልቅ ቤት አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ ቼሎ የሚባለውን መሣሪያ ተማረች። በስኮትላንድ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርቷን ጨርሳ፣ በኒውዮርክ ማንሃተን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዲግሪዋን አገኘች።

እናቷ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ልጅቱም ለእናቷ መታሰቢያ የሚሆን ለዐሥራ አምስት ባለ አውታር መሣሪያዎች የተዘጋጀ ድርሰት ጻፈች። ርዕሱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «በእቅፏ ውስጥ» እንደ ማለት ነው። በአፕሪል 2009 በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ዋልት ዲዝኒ በሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ፣ የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ የአዲስ ሙዚቃ ጓድ በፊንላንዳዊው ኤሳ ፔካ ሳሎነን መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማው። አና ክላይን በዚያን ጊዜ 29 ዓመቷ ነበር። ድርሰቱ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ኦርኬስትራዎች ተጫውተውታል። ደራሲዋም እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 የታወቀው የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተቀማጭ የሙዚቃ ደራሲ ሆና ሠርታለች። በ2019 ደግሞ ለአባቷ ያበረከተችው የቼሎና የኦርኬስትራ ድርሰት ተሰምቷል።

ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ላስረዳ። ቫዮሊን፣ ከእርሱ ጥቂት የሚተልቀው ቪዮላ፣ ተቀምጠው በሁለት ጉልበት መካከል የሚይዙት ቼሎ፣ ቁመቱ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ኮንትራባስ፣ አራቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁሉም እንደ መሰንቋችን በደጋን ይገዘገዛሉ። የደጋናቸው ክር እንደ መሰንቆው ደጋን ከፈረስ ጭራ የሚሠራ ሲሆን፣ አውታሩን ቆንጥጦ ድምፅ እንዲያወጣ ሙጫ ይቀባል። ክራር ሲመታ ድምፁ ጮኾ ወዲያው መሞት ይጀምራል። በደጋን የሚገዘገዝ አውታር ግን ክንዱ እስካላረፈ ድረስ ድምፁ አያርፍም። እንደ ሰው ለቅሶ ትንፋሽ አለው፤ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ይሞላል፣ ይሳሳል፣ ይቋረጣል። ሐዘንን ለመናገር ባለ አውታር መሣሪያ የተመረጠው በእኛ አገር ብቻ አለመሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

እንደ ልማዱ ከሆነ በአውታር ኦርኬስትራ ውስጥ ብዙ ቫዮሊኖች አንድ ዜማ በአንድነት ይጫወታሉ። አንዱ ቢሳሳት ወይም ቢደክም የሌሎቹ ድምፅ ይሸፍነዋል። አና ክላይን ግን ለዐሥራ አምስቱም ተጫዋቾች ለየራሳቸው ጻፈችላቸው። እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ ይገባል፤ የሚደበቅበት ጓደኛ የለውም። ይህ ነገር ለቅሶ ቤት ለዋለ ሰው እንግዳ አይሆንም። ለቅሶ ቤት እኅት በእኅት ድምፅ፣ የጡት ጓደኛ በጓደኛ ድምፅ፣ የቤት ሠራተኛዋም በራሷ ድምፅ ታለቅሳለች። ከውጭ ለሚሰማው አንድ ለቅሶ ነው፤ ከውስጥ ላለው ግን እያንዳንዱ ጩኸት ባለቤት አለው።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በመሸጥ አምስት ልጆች ያሳደገች ሴት ነበረች። እኔ የበኩር ልጇ ነኝ። ያረፈችው ማክሰኞ ሌሊት ነው፤ ረቡዕ ተቀበረች። ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ የፈቃድ ቀኖቼ ሆኑ። ቅዳሜና እሑድ ተጨመሩልኝና ሰኞ ጠዋት ከሥራ ገበታዬ ላይ ተገኘሁ። በሥልስቱ ዕለት ሁለት መቶ ያህል ሰው ተስተናግዷል። ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰ እምብዛም አላስታውስም። የማስታውሰው ስኳር አልቆ የጎረቤት ልጅ ወደ ሱቅ መላኬንና መልሱን ቆሜ መቁጠሬን ነው። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ናት» አለኝ። በእኛ ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ምስጋናውን ተቀብዬ ሁለት ዓመት ተሸከምሁት።

«በእቅፏ ውስጥ» የሚለውን ርዕስ ሳነብ በመጀመሪያ የታወሰኝ የእናቴ እቅፍ ባዶ ሆኖ አለማየቴ ነበር። እናቴ ልጆቿን አቅፋ የምትስም ዓይነት ሴት አልነበረችም። ክንዷ ሁልጊዜ ሥራ ይዞ ነበር፤ ወይ ዘነዘና፣ ወይ ወንፊት፣ ወይ ከወፍጮ ቤት የመጣ ከረጢት። ሲደክመን ግን በተቀመጠችበት ከጀርባዋ ሄደን እንደገፋታለን፤ እርሷም ማበጠሯን ሳታቋርጥ ትከሻዋን ትንሽ ዝቅ ታደርግልን ነበር። የእናቴ እቅፍ ይኸው ነበር። ከነጠላዋ የኮረሪማና የጥቁር አዝሙድ ሽታ አይጠፋም።

ሙዚቃውን ያደመጥሁት አንድ ምሽት የልጆቹን ዩኒፎርም እየተኮስሁ ነው። ለዚህ ዓምድ ጽሑፍ ስፈልግ ስለ ደራሲዋ አንብቤ ስለነበር፣ እየሠራሁ ላዳምጠው ብዬ በስልኬ ላይ ከፈትሁት። ሴት ሠራተኛ እጇን አጣምራ ሙዚቃ የምታዳምጥበት ጊዜ ከየት ታመጣለች?

መጀመሪያ ላይ ድምፁ ከመሳሳቱ የተነሣ የካውያው እንፋሎት ይበልጠው ነበር። ጥቂት ቫዮሊኖች አጭር፣ ወደ ታች የምትወርድ ዜማ ያሰማሉ፤ አንዱ ሲተዋት ሌላው ይቀበላታል። ከዚያ ዝም ይላል። እንደገና ያቺው ዜማ ትመለሳለች፤ እንደገና ዝም። ስልኩ የተዘጋ መስሎኝ ካውያውን አቁሜ ተመለከትሁ። አልተዘጋም። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን የምትሠራው የዘጠኝ ዓመት ልጄም ቀና ብላ «እማዬ፣ ኔትዎርኩ ተቋረጠ እንዴ?» አለችኝ።

«የለም፣ ትንፋሽ እየወሰዱ ነው» አልኋት።

ወደ መካከሉ ሲደርስ ድምፆቹ በዙ። ቼሎዎቹና ኮንትራባሶቹ ከሥር ገቡ፤ የቫዮሊኖቹ ዜማ እርስ በርሱ ይደራረብ ጀመር። በዝቶ፣ ሞልቶ፣ ከዚያ በላይ መሄድ የማይችል በሚመስልበት ጊዜ ይቀንሳል፤ እንደገናም ይነሣል። ሐዘን ያየ ሰው ይህን አካሄድ ያውቀዋል፤ ለቅሶ በአንድ ጊዜ አያልቅም፣ እየተመላለሰ ነው የሚመጣው። ልጄ እርሳሷን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ስለ ሙዚቃው አንድም ቃል አልነገርኋትም ነበር። ዘፋኝ የለበትም፣ ቃል የለበትም፣ በምስልም የሚታይ ነገር አልነበረም። ደራሲዋ ከእኛ ጋር በቋንቋም በአገርም አትገናኝም። ሆኖም የዘጠኝ ዓመት ሕፃን በዐሥር ደቂቃ ውስጥ የሞተ ሰው መኖሩን ከአውታሩ ድምፅ ብቻ ሰማች።

«ይህን የጻፈችው ሴት እናቷ ሞተውባት ነው» አልኋት።

«እንደ እማማ?»

«አዎን፣ እንደ እማማ።»

ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «እኔ እኮ ለእማማ አላለቀስሁም። እነ ማሙሽ ቤት ካርቱን ስናይ ነበርን» አለችኝ። እንደ ልማዳችን በለቅሶው ቀናት ሕፃናቱ እንዳይደነግጡ ተብሎ ከጎረቤት ቤት እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ሲመለሱ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ የእማማ አልጋም ከቦታው የለም። ለአንድ ሕፃን ይህ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እስቲ እናስበው። አያቷ አልታመሙም፣ አልተሰናበቱም፣ ማንም ስለ እርሳቸው ጮኾ አላለቀሰም፤ እንዲሁ አልጋቸው ከቤት ወጣ።

ካውያውን ነቅዬ ከአጠገቧ ተቀመጥሁ። ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም አለቀስን። እርሷ እማማ ከመቀነቷ ፈትታ ትሰጣት ስለነበረው የብስኩት ሳንቲም ነገረችኝ። እኔም እናቴ ዝቅ ታደርግልን ስለነበረችው ትከሻ ነገርኋት። በዚያ ምሽት አንድ ዩኒፎርም ሳይተኮስ አደረ።

ወደ ድርሰቱ ልመለስ። በኖታው መግቢያ ላይ የቬትናማዊው መነኩሴ የቲክ ናት ሃን አንድ አጭር ግጥም ሰፍሯል፤ የሙዚቃው ርዕስ የተገኘውም ከዚያ ነው። መነኩሴው እ.ኤ.አ. በ2022 በ95 ዓመታቸው ያረፉ የታወቁ የቡድሃ እምነት መምህር ነበሩ። በግጥማቸው ውስጥ አቃፊዋ እናት አይደለችም፤ ምድር ናት። የሞተውን ሰው ምድር አቅፋ ትይዘዋለች፤ በኋላም አበባ ሆኖ ይወጣል የሚል ሐሳብ አለበት። በአማርኛ ምድርንም እናትንም «እርሷ» ብለን ስለምንጠራ፣ «እቅፏ» ስንል የማንኛዋ እንደሆነ ለመለየት አንቸገርም፤ ሁለቱም ይሆናሉ።

ይህ ነገር ብዙ አሳስቦኛል። እኛ አፈርን የምናየው በሌላ ዓይን ነውና። ለሟች ስንመርቅ «አፈሩን ያቅልልላት» እንላለን። በእኛ ቋንቋ አፈር ሸክም ነው፤ የሞተው ሰው እንኳ ሳይቀር ይሸከመዋል ብለን እናዝናለን። ዕድሜዋን ሙሉ ከረጢት የተሸከመች ሴት ተቀብራ፣ በመጨረሻም አፈር ተጭኗት ሳይ ያሳዘነኝ ይኸው ነበር። በሳጥኑ ላይ የወረደው የመጀመሪያው አካፋ አፈር ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። ከዚህ ከሩቅ ከመጣ ሐሳብ ጋር ስገናኝ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እናቴ ሁሉን ስትይዝ፣ ስትደግፍ፣ ስታቅፍ ነው የኖረችው። እርሷን አቅፎ የሚይዝ ሰው አልነበራትም፤ አባታችን ቀድሞ ሞቷል፣ እኛም ልጆች ነበርን። እንግዲህ ተራው የእርሷ ሆኖ ታቀፈች ብዬ ባስብ ምን ይጎዳኛል? ምርቃታችንን አልተውሁትም፤ አሁንም «አፈሩን ያቅልልላት» እላለሁ። ነገር ግን ያ ድምፅ እንደ በፊቱ አያስደነግጠኝም።

ይህን ሙዚቃ እትዬ ብለን ለምንጠራቸው አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ አሰማኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡ። ከዚያም፣ «ጥሩ ነው ልጄ፤ ያሳዝናል። ግን ይህ ለቅሶ ስም የለውም። ሙሾ አውራጇ እኮ የሟችን ስም፣ አገሯን፣ ደግነቷን፣ የልጆቿን ብዛት ጠርታ ነው የምታስለቅሰው። ስሙ ሳይጠራ የሚለቀስለት ማነው?» አሉኝ።

አነጋገራቸው እውነት አለበት። የእኛ ሙሾ የአንድን ሰው ሕይወት መዝግቦ የሚያስቀር ታሪክ ነው፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ ይህን ሊሠራ አይችልም። እናቴ አምስት ልጆች በበርበሬ ማሳደጓን ማንም ቫዮሊን አይናገርም። ደግሞም እትዬ አንድ ነገር ጨመሩ፤ «ለብቻ የሚለቀስ ለቅሶ ቁስል ያመረቅዛል፤ ሰው ለሰው ነው የሚያለቅስለት» አሉ። በዚህም አልተሳሳቱም። በስልክ የሚሰማ ሙዚቃ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ እጅ አይጨብጥም።

ይሁንና በበኩሌ የምለው አለኝ። ስም ባለመጠራቱ፣ የሚያዳምጠው ሁሉ በባዶው ቦታ የራሱን እናት ስም ለማስገባት ቻለ። እኔ የእናቴን አስገባሁ፤ ልጄ የአያቷን አስገባች። እትዬም ቢሆኑ ሲያዳምጡ ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን አይቻለሁ፤ የማንን ስም እንዳስገቡ አልጠየቅኋቸውም። ብቻ ለብቻ ስለ ማልቀስ ደግሞ ይህ ድርሰት ራሱ ለአንድ ሰው የሚሆን አይደለም። አና ክላይን ልታሰማው ዐሥራ አምስት ሰዎች ያስፈልጓታል፤ ዐሥራ አምስቱም የእናቷን ለቅሶ በየክንዳቸው ተቀብለው መያዝ አለባቸው። ይህም በራሱ መንገድ ዕድር ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ቃል በሌለው ሙዚቃ ስለ እናት መናገር ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተምረዋል፤ በኋላም በካይሮ ከተማ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል የቫዮሊን መምህር ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። ዓለም ያወቃቸው ግን በፒያኖ ድርሰቶቻቸው ነው። ከእነዚያም መካከል «የእናት ፍቅር» የተሰኘ አንድ ድርሰት ይገኛል። እማሆይ ብዙ ዓመታት በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በማርች 2023 በ99 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ሁለቱን ድርሰቶች በአንድ ምሽት ተከታትላችሁ ብታዳምጡ፣ አንዷ በገዳም የኖሩ ኢትዮጵያዊት፣ ሌላዋ በኒውዮርክ የተማረች እንግሊዛዊት፣ ስለ አንድ ነገር መናገራቸውን ያለ አስተርጓሚ ትረዳላችሁ።

ሴት ልጃቸው «ሙዚቃ ልማር» ስትላቸው የሚጨነቁ እናቶች ደብዳቤና ጥያቄ ወደዚህ ዓምድ መምጣቱ አልቀረም። «ሙዚቃ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይላሉ። ጭንቀታቸው ተገቢ ነው፤ እንጀራ ያልሆነላቸው ብዙዎች አሉ። እኔ ግን በዚያ ጥያቄ ላይ ሌላ ጥያቄ ልጨምርበት እወዳለሁ። ልጃችን አንድ ቀን፣ ከዕድሜ ጸጋ በኋላ ይሁንልን እንጂ፣ እኛን ታጣለች። ያን ጊዜ ሐዘኗን የምታስቀምጥበት ምን ዕቃ ይኖራታል? ለአንዷ ቫዮሊን ይሆናል፤ ለሌላዋ ሸማ፣ ለሌላዋ ጽሕፈት፣ ለሌላዋ የጓሮ አትክልት። የእጅ ሙያ ከእንጀራም ሌላ የሚያገለግልበት ቀን አለ።

ለዛሬው መልእክቴን በሁለት ነገር ላይ ላሳርፍ። የመጀመሪያው ለጎረቤትና ለዕድርተኞች ነው። ለቅሶ ቤት ስንሄድ የሟችን ሴት ልጅ ከማድቤት እናውጣት። የስኳሩን፣ የቡናውን፣ የመኝታውን ነገር አንዲት ሌላ ሴት ኃላፊነት ወስዳ ትያዘው፤ ልጅቱ ከሌሎች ጋር ፍራሽ ላይ ትቀመጥ። ሦስት ቀን ካላት ሦስቱም የእርሷ ይሁኑ። ወንዶች ወንድሞችም ድንኳን በር ላይ ቆሞ እንግዳ ከመቀበል አልፈው ወደ ውስጥ ገብተው ሥራውን ቢካፈሉ፣ እኅታቸው በወጉ ታለቅሳለች።

ሁለተኛው ስለ ሕፃናት ነው። ልጆች እንዳይደነግጡ ማሰብ መልካም ነው፤ ወዮታውንና ደረት ድቂያውን ማየት ላያስፈልጋቸው ይችላል። ሆኖም የሆነውን ነገር በዕድሜያቸው ልክ፣ በእውነተኛ ቃል ይነገራቸው። «ሩቅ አገር ሄደች» የተባለ ልጅ መመለሷን ይጠብቃል። እንዲሰናበቱ፣ እንዲያለቅሱ፣ የሚወዷትን አያት ስም ጮኽ ብለው እንዲጠሩ ቦታ እንስጣቸው። ይህ ቦታ የግድ ከባሕር ማዶ የመጣ ሙዚቃ መሆን የለበትም፤ እናትና ልጅ በአንድ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩበት ሩብ ሰዓት ይበቃል።

እናቶቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ እኅቶች፣ ድምፃቸውን ቅረጹ፣ ሙያቸውንም ጻፉ። የእኔ እናት መለኪያዋ እፍኝ ነበር። በቅርቡ ከልጄና ከሁለት እኅቶቼ ጋር ተቀምጠን የበርበሬ አዘገጃጀቷን በደብተር ለማስፈር ሞክረን ነበር። የዛላውን መጠን፣ የነጭ ሽንኩርቱንና የዝንጅብሉን ተራ፣ ፀሐይ ላይ የሚቆይበትን ቀን ተስማምተን ጻፍን። ኮረሪማው ላይ ስንደርስ ግን አንዷ እኅቴ «አንድ እፍኝ ነው» ስትል ሌላዋ «የእማዬ እፍኝ ትልቅ ነበር፤ በእኛ እጅ አንድ ተኩል ይሆናል» አለች። ብዙ ተከራከርን። በደብተሩ ላይ ሁለቱንም ጽፈናል።